ሞተሪኖው ሲዞር ይነሳል፣ ቁልፉን ስለቀው ይጠፋል (የድሮ ላንድክሩዘር ቤንዚን፣ ደሴ)

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ወገን። የመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

የአባቴ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለች። ኤፍጄ45 የሚሏት፣ በፈረንጅ 1978 የተሠራች፣ ሞተሯ 2ኤፍ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቤንዚን። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፣ ግን ጡረታ ወጥታለች እንዳትሉ። ከኮምቦልቻ አትክልት ጭነን በሐረጎ እየወጣን ሰኞ ገበያ የምናደርሰው በሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጥሩ ይዞራል፣ ሞተሩም ቶሎ ይነሳል። ቁልፉን ስለቀው ግን ወዲያው ዝም። ድጋሚ ስጠመዝዝ ይነሳል፣ ስለቀው ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይነካት ትይዝና ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፤ ዳነች ብዬ ደስ ሲለኝ በማግስቱ ያው። ይባስ ብሎ ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ላይ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ድንገት ጥፍት አለች። ከኋላዬ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ክላክሱስ ቢባል።

መካኒክ ጋ ወስጃት ለብልጭታው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ቦቢና ተቀየረ፣ የቦቢናውን ከረንት የሚከፍት የሚዘጋው ፑንቲና ተቀየረ፣ ኮንደንሰር ተቀየረ፣ ብልጭታ የሚሰጡት ካንዴላዎችም ስድስቱም አዲስ ናቸው። ብሩ ሄደ፣ ችግሩ ቀረ። አሁን ደግሞ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ሙሉውን ይቀየር እየተባልኩ ነው። ዋጋውን ስሰማ ልሽጣት ሁሉ ብዬ ነበር፣ አባቴ ግን እሷን ከምትሸጥ እኔን ሽጠኝ ባይ ነው።

ዳሽቦርዱ ስር ያለውን ሽቦ ብታዩት ዝም ብሎ የአንጀት ክምር ነው። ባለፉት ዓመታት የነካት ሰው ሁሉ የየራሱን ጨምሮበታል። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት ያሳያል። ቦቢናው ፕላስ ላይ ስለካም 12 ቮልት አለ። ታዲያ ኤሌክትሪኩ ካለ ለምን ትጠፋለች?

ናፍታ ብቻ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ቀላል ነው። ማሞቂያው፣ ካንዴሌታው ነው። የደሴን ብርድ እያወቅከው ጠዋት ሳታሞቅ ብታስነሳ ምን ይሁንልህ። ቁልፉን ያዝ አድርገህ ትንሽ አሙቀውና አስነሳው። ካልሆነ የናፍታ መዝጊያውን ሶሎኖይድ እይ፣ የኔ አይሱዙ እንዲሁ አድርጋኝ ነበር።

በርበሬ ወንዝ፦

ሃሃሃ ናፍታ ብቻ፣ ሰውዬው እኮ ቤንዚን ነው ያለው። ካንዴሌታ የለውም፣ ካንዴላ ነው ያለው። ናፍታ በእምቅታ ሙቀት ስለሚነድ ብልጭታ አይፈልግም። ያንተ አይሱዙ ላይ ቁልፉ የሚያዘው ሞተሪኖውን፣ ካንዴሌታውንና የናፍታ መዝጊያውን ነው። ይቺ ግን ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ቦቢናዋ ኤሌክትሪክ ካላገኘች አለቀ።

የጦሳ ልጅ፣ ዲስትሪቢዩተሩን እንዳትገዛ። በአላህ ብሩን በኪስህ ያዝ። መኪናዋ የት እንደታመመች ራሷ እየነገረችህ ነው።

ቦቢናዋ ኤሌክትሪክ የምታገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን የሚመጣው ነው። እሱ በባላስት በኩል ያልፋል፤ ባላስት ማለት ቦቢናው አጠገብ የታሰረች፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ሸክላ የለበሰች፣ ስትሠራ የምትግል፣ ከረንቱን የምትቀንስ ሬዚስታንስ ናት። ሁለተኛው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ የሚመጣ ነው፤ ባላስቱን ዘሎ ቀጥታ ቦቢናው ላይ ይገባል። በአንዳንዱ መኪና ከሞተሪኖው ላይ ይነሳል፣ በአንዳንዱ ከቁልፉ። ለምን እንዲህ ተደረገ ካልክ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪውን ስለሚጎትተው ቮልቱ ወደ 10 ምናምን ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ብልጭታው እንዳይደክም ያለ ባላስት ይሰጡታል። ቁልፉን ስትለቅ ሁለተኛው መንገድ ይቋረጥና አንደኛው ይረከባል።

ያንተ መኪና ርክክቡ ላይ ነው የምትወድቀው። ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩ፣ ካንዴላው፣ የተፈረደበት ዲስትሪቢዩተርም ጭምር ስትነሳ ሠርተዋል እኮ! እነሱ ቢበላሹ ኖሮ መጀመሪያውኑ ባልተነሳች። ስለዚህ ወይ ባላስቱ ነው፣ ወይ ቁልፉ ውስጥ ያለው የኦን ኮንታክት ነው፣ ወይ በመሃል ያለው ሽቦ። ጉድጓድ ስትገባ ጠፋች ስላልክ የተበጠሰ ሳይሆን የላላ ነገር ይመስለኛል። እኔ በቁልፉ እወራረዳለሁ።

ሆጤ፦

እርጥበት ነው እላለሁ። ክረምት ከጦሳ ጉሙ ሲወርድ የኔም ቮልስ አልነሳም ትላለች። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አውልቀህ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ገመዶቹንም ነቅለህ አድርቃቸው።

ቮልቲሜትር፦

ሆጤ፣ ያንተ ቮልስ ላይ ልክ ነህ። ግን እርጥበት የያዘው መኪና መነሳት ነው የሚያቅተው፣ ቢነሳም ይንተፋተፋል፣ ይስላል፣ ሲሞቅ እየተሻለው ይሄዳል። የሷ ቁልፍ በተለቀቀ ቁጥር ቀጥ ብሎ መጥፋት ነው። ገመዶቹን ባትነቅላቸው ይሻላል፤ ከነቀልካቸው ግን የ2ኤፍ የብልጭታ ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው፣ አሳስተህ ብትመልስ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ ትጨምራለህ።

የጦሳ ልጅ፣ ቦቢናው ላይ 12 ቮልት አለ ስላልከው ነገር። ኮሌጅ ውስጥ አውቶ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም እዚች ጋ ነው የሚሳሳቱት። ስትለካ ፑንቲናው ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? ክፍት ከነበረ ሽቦው ላይ ምንም ከረንት አያልፍም። ከረንት ካላለፈ ደግሞ የተቃጠለ ኮንታክትም፣ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦም 12 ቮልት አሳልፎ ያሳይሃል። ሜትሩ የሚፈልገው ኢምንት ነው፣ ቦቢናው ግን ወደ 4 አምፔር ይጠጣል። መለካት ያለብህ እየጠጣ እያለ ነው።

እንዲህ አድርግ። ቁልፉን ኦን ላይ አድርገህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ የቦቢናውን ኔጌቲቭ በአጭር ሽቦ ከማሳው፣ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘው። ይሄ ፑንቲናው እንደተዘጋ ይቆጠራል። የሜትሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግና በቀዩ ሁለት ቦታ ለካ፦ ባላስቱ መግቢያ ላይ እና ቦቢናው ፕላስ ላይ። መግቢያው ላይ ከባትሪው ብዙ ያላነሰ፣ 12 ገደማ መሆን አለበት። ቦቢናው ፕላስ ላይ 6 ወይም 7 ብታገኝ አትደንግጥ፣ ባላስቱ ሥራውን ሠርቶ ነው። መግቢያው ላይ 12 ኖሮ ቦቢናው ላይ ዜሮ ከሆነ ባላስቱ ተበጥሷል። መግቢያው ራሱ ዝቅ ካለ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው። ለክተህ እንደጨረስክ ሽቦውን ቶሎ አንሳው፣ ቦቢናው እንዲህ ሆኖ ከቆየ ይግላል።

ደግሞ ችግሩ ባለበት ሰዓት ነው የምትለካው። ደህና ስትሠራ ብትለካት ሁሉም ደህና ነው የሚልህ።

የጦሳ ልጅ፦

ወንድሜ አላህ ይስጥህ፣ እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ የለም። ዛሬ ጠዋት አልይዝ ብላ ስለነበር ወዲያው ለካሁ። ባላስቱ መግቢያ ላይ 6 ቮልት አካባቢ፣ ቦቢናው ፕላስ ላይ 3። የማሳውን ሽቦ ሳነሳው ሁለቱም ቦታ ተመልሶ 12!

በርበሬ ወንዝ፦

አላልኩም? ቁልፉ ነው። ሌላ ቁልፍ ግዛ፣ ኮምቦልቻ መለዋወጫ ሱቆች አታጣውም።

ቮልቲሜትር፦

እህትህ ነኝ፣ ግን አሜን።

በርበሬ ወንዝ፣ ቁልፉ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገና አልታየም። እስካሁን የተቀየረው ሁሉ እኮ ሊሆን ይችላል እየተባለ ነው የተቀየረው። አሁን የምናውቀው ግማሹ ቮልት ከባትሪው እስከ ባላስቱ መግቢያ ባለው መንገድ ላይ መቅረቱን ነው። የት እንደቀረ ማግኘት ደግሞ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ማረጋገጫ። ከባትሪው ፕላስ አንድ ሽቦ ቀጥታ ወደ ባላስቱ መግቢያ ሳብና አስነሳት። ቁልፉን ስትለቅ ከያዘች ከባላስቱ ጀምሮ ወደ ቦቢናው ያለው ሁሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ሽቦውን ባላስቱን ዘለህ ቦቢናው ላይ አድርገህ እንዳትነዳ፣ ቦቢናውንም አዲሱን ፑንቲናም ታቃጥላቸዋለህ። በቁልፍ እንደማትጠፋም እወቅ፣ ሽቦውን ስታነሳ ነው የምትጠፋው።

ከዚያ የሜትሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፕላስ ላይ ተወውና የቦቢናውን ኔጌቲቭ እንደገና ከማሳ ጋር አገናኝተህ በጥቁሩ መንገዱን ተከተል። ቁልፉ ጀርባ የሚገባው ሽቦ ላይ፣ ከቁልፉ የሚወጣው ላይ፣ እያልክ እስከ ባላስቱ። አሁን የምታነበው የጠፋውን ቮልት ነው። ደህና መስመር ከግማሽ ቮልት በላይ አይበላም። ቁጥሩ በድንገት ከፍ ያለበት ቦታ፣ ከዚያና ከቀድሞው ነጥብ መሃል ነው ሌባው።

ቁልፉ ጀርባ ስትገባ ጥንቃቄ። ወደ ቁልፉ የሚገባው ወፍራም ሽቦ ቁልፉ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለው፣ በነዚህ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊውዝ ሳያልፍ ነው የሚመጣው። ሽቦ ልትነቅል ወይ ልትፈታ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን የሽቦ ማሰሪያ፣ ሞርሴቶውን አውልቅ።

የአሰብ ሾፌር፦

ልጄ፣ እኔ ኤሌክትሪክ አልተማርኩም። ኤንትሬ ከባድ መኪና ይዤ ከአሰብ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር ልበልህ።

አንደኛ፣ መኪናዋ እስክትድን ጭነት ይዘህ ሐረጎን አትሞክር። አቀበት ላይ ብትጠፋ በእጅ ፍሬን ብቻ አትመን፣ ረዳቱ ወዲያው ወርዶ ጎማው ስር ታኮ ያግባ። ቁልቁለት ላይ ብትጠፋ ደግሞ ማርሹን አታውጣ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ፍሬኑ እግርህን የሚያግዝ ሰርቮ ካለው የቀረችው እገዛ ለጥቂት ርግጫ ነው የምትበቃው፣ እየረገጥክ እየለቀቅክ አትጨርሳት፣ አንዴ ርገጥና ያዝ። ቁልፉንም ወደ መጨረሻው አትመልሰው፣ መሪ የሚቆልፍ ዓይነት ከሆነ መሪው ይያዝብሃል።

ሁለተኛ፣ አባትህን ጠይቀው። በዚያን ጊዜ መኪና ያለው ሰው ሌባ ስለሚፈራ የሆነ ቦታ ድብቅ ቁልፍ ያስቀብር ነበር። ከወንበር ስር፣ ከምንጣፍ ስር፣ እኔ የማውቀው ሰው አመድ ማራገፊያው ውስጥ ነበር ያስገባው። ባለቤቱ ራሱ ይረሳዋል።

የጦሳ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ዓመትም አላገኘው!

በተራ ልንገራችሁ። ከባትሪው ወደ ባላስቱ ሽቦ ስስብላት ተነሳች፣ ቁልፉን ስለቅ ቀጥ ብላ ያዘች። ጋዝ ብሰጣት፣ ብቀንስላት፣ ዳሽቦርዱን ብደበድበው ንቅንቅ የለም። ከዚያ እህቴ እንዳለችው መንገዱን ተከተልኩ። ቁልፉ መግቢያ ላይ የጠፋው 0.2። ከቁልፉ መውጫ ላይ 0.3። ባላስቱ መግቢያ ላይ 6 እና ከዚያ በላይ፣ ሽቦውን ስነካካው ይወርዳል ይወጣል። ስለዚህ በርበሬ ወንዝ ይቅር በለኝ፣ ቁልፉ ደህና ነው።

ከቁልፉ የሚወጣውን ጥቁር ባለ ቢጫ መስመር ሽቦ በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ዳሽቦርዱ ስር ትንሽ እንደሄደ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ቀይ ሽቦ ወጥቶ በምንጣፉ ስር አድርጎ ወደ ወንበሩ ጀርባ ይሄዳል። አባቴን ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቅ ብሎ «አይ፣ እሱማ የሌባዋ ነው» አይለኝም! ወንበሩን ሳነሳው የቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ቁጭ ብሏል። ግድግዳ ላይ የሚሰካው፣ ነጩ። አቧራና ዝገት በልቶት ሲነካ ይንቀጫቀጫል። ጆንያና ክሪክ ከወንበሩ ጀርባ ስንከት እየገፋነው ኖሯል፣ አንዳንድ ቀን የምትይዘው አንዳንድ ቀን የምትተወው ለዚያ ነው።

አሁን ሁለቱን ቀይ ሽቦ አገናኝቼ ጠቅልዬዋለሁ፣ እየሠራች ነው። እንዲህ ልተወው ወይስ ሌላ ነገር ላድርግ?

በርበሬ ወንዝ፦

ይቅር ብያለሁ፣ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ ያስቀመጠውን ግን አልምርም። ውርርዱን ስትወርድ ኮምቦልቻ ማኪያቶ እከፍላለሁ።

እንዲህማ እንዳትተወው። ቀያዮቹን ሙሉ በሙሉ አውጣቸው። የተቆረጠውን ሽቦ በአዲስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቀጥለው፣ ጠምዝዘህ በፕላስተር ሳይሆን በስታኞ በይደው ወይ በፒንሳ የሚጨመቀውን ማያያዣ ተጠቀም። እኔ ብሆን በዚያው ሪሌ፣ ማለትም ቁልፉ የሚያዘው ማብሪያ፣ እጨምርላት ነበር። ሪሌው እግሮች ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ 30 ላይ ከባትሪው በ15 አምፔር ፊውዝ፣ 87ን ወደ ባላስቱ፣ 86 ላይ ከቁልፉ የሚመጣውን፣ 85ን ማሳ። የ1978 ቁልፍ ነው፣ ከረንቱን ሪሌው ሲሸከምለት ዕድሜው ይረዝማል።

የአሰብ ሾፌር፦

ሪሌ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ ግን መንገድ ላይ የሚያቆምህን ነገር አትጨምር ባይ ነኝ። ቁልፏ 0.1 ነው የበላችው፣ ምን አደረገችህ? ሽቦውን ቀጥልና ተዋት።

ቮልቲሜትር፦

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ቁልፉ ማርጀት ሲጀምር ሪሌ ታስገባለህ፣ ያኔ ቁጥሩ ይነግርሃል።

አባትህ የሌባ ቁልፍ ይኑር ካለ ግን ሌላ ቦታ አድርግለት። የአሁኑ የቦቢናውን መብል የሚቆርጥ ነበር፣ ስለዚህ በላላ ቁጥር መኪናዋን ይገድላል። በፑንቲና የሚሠራ መኪና ላይ የተሻለው ከቦቢናው ኔጌቲቭ ሽቦ ስበህ በድብቁ ቁልፍ በኩል ማሳ ላይ ማሰር ነው። ሲዘጋ ፑንቲናው ቢከፈትም ቦቢናው ማሳ ላይ ስለሚቀር ብልጭታ የለም፣ ሌባው ሞተሪኖውን ሲያዞር ያድራል። ሲከፈት ደግሞ ድብቁ ቁልፍ እንደሌለ ይቆጠራል። ቁልፉ ቢዝግ፣ ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ አይጠፋም፣ ሐረጎ መሃል አታቆምህም። ሽቦው ብቻ ተልጦ ብረት እንዳይነካ በላስቲክ ቱቦ አልብሰው። ማብሪያ ማጥፊያውም የመኪና ይሁን፣ የቤቱን ለቤት ተውለት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የተቀየረልህ አዲሱ ቦቢና ምን ዓይነት ነው? ባላስት የሚፈልግ አለ፣ የማይፈልግም አለ። ሽቦዎቹን ነቅለህ በፕላስና በኔጌቲቩ መሃል ሬዚስታንሱን በኦም ለካ። 1.5 አካባቢ ከሆነ ባላስት ይፈልጋል። 3 አካባቢ ከሆነ አይፈልግም፣ ባላስቱ ሲጨመርበት ብልጭታው ይደክማል፣ ያኔ አቀበት ላይ ጉልበት አነሳት ብለህ ካርቡሬተሩን ልታስፈታ ነው።

የጦሳ ልጅ፦

1.6 አለኝ።

ቮልቲሜትር፦

ትክክለኛው ነው። ባላስቱን እንዳትነካ፣ ማንም ይነሳ ቢልህ እንዳትሰማው።